የተዘረፈ ቅርስና የተጻፈ መዝገብ፤ የፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ሥራ ለመምህራን ያለው ጥቅም

ቤተ መዘክር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አሮጌ ዕቃ በመስተዋት ሣጥን ተቆልፎበት የሚቀመጥ ቤት ነው። አስተሳሰቡ ፈጽሞ የተሳሳተ ባይባልም ጎዶሎ ነው። ዕቃው በሣጥኑ ውስጥ የሚቀመጠው ስለራሱ እንዲመሰክር ነውና፤ ማን እንደ ሠራው፣ በምን እንደ ሠራው፣ ለማን እንደ ሠራውና ከሠሪው እጅ ወጥቶ እዚያ እስኪደርስ በእነማን እጅ እንዳለፈ ካልተነገረ፣ ተመልካቹ የብረት ወይም የእንጨት ቁራጭ ከማየት በቀር የሚያገኘው ትምህርት የለም። አንድ የነሐስ መስቀል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከተሳለ መስቀል የሚበልጠው ይህን ሁሉ ታሪክ ተሸክሞ በተማሪው ፊት ስለሚቆም ነው።

ከዚህ አኳያ ሲታይ የቅርስ ስርቆት ከሌላው የንብረት ስርቆት የተለየ ወንጀል ይሆናል። ከብት የተሰረቀበት ገበሬ ከብቱ ቢመለስለት ጉዳቱ ተካሰ ማለት ይቻላል። ከገዳም ዕቃ ቤት የወጣ የብራና መጽሐፍ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሌባው የቤተ ክርስቲያኑን ስም ይፍቃል፤ ነጋዴው ሥዕል ያለባቸውን ቅጠሎች ገንጥሎ በነጠላ ይሸጣል፤ ገዢው ከየት እንደ መጣ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም የሚነገረው እውነት አይሆንም። መጽሐፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ቢገኝ እንኳ ምስክርነቱ ተጎድቷል። ስለሆነም የቅርስ ስርቆት ጉዳይ ለፖሊስና ለጉምሩክ ብቻ የሚተው ሳይሆን የትምህርት ጉዳይም ነው።

ዕቃን ለትምህርት የማቅረቡና የተዘረፈን ዕቃ የመከታተሉ ሥራ በአብዛኛው በተለያዩ ሰዎች እጅ የሚገኝ ነው። ሁለቱን በአንድ የሕይወት ዘመን ካጣመሩት ምሁራን መካከል፣ ኢትዮጵያን በሚመለከት ረገድ ሪቻርድ ፓንክረስት በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእኚህን ምሁር የሕይወት ታሪክ በሙሉ ማተት አይደለም። ሥራቸው የተመሠረተበትን አንድ ዘዴ፣ ይኸውም የጠፋን ነገር በቁጥርና በጽሑፍ የማስረዳትን ዘዴ፣ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች በሚጠቅም መልኩ ማብራራት ነው።

ከኢኮኖሚ ታሪክ ወደ ቤተ መዘክር

ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1927 በእንግሊዝ አገር ተወለዱ። እናታቸው ሲልቪያ ፓንክረስት በሴቶች የመምረጥ መብት ትግል የታወቁ ነበሩ፤ ፋሽስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜም እ.ኤ.አ. በ1936 «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ አቋቁመው ስለ ኢትዮጵያ ነፃነት ሲከራከሩ ቆይተዋል። ሪቻርድ በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የኢኮኖሚ ታሪክ ተምረው ዶክትሬታቸውን ካገኙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1956 ከእናታቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር ጀመሩ። ሲልቪያ እ.ኤ.አ. በ1960 ዐርፈው በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀበሩ ልጃቸው በሥራቸው ቀጠሉ።

የተማሩት የትምህርት ዓይነት ልብ ሊባል ይገባል። የኢኮኖሚ ታሪክ ሊቅ ከነገሥታት ስምና ከጦርነት ውሎ ይልቅ የሚያተኩረው በግብር መጠን፣ በአሞሌ ጨው ዋጋ፣ በገበያ ቀን፣ በመሬት ስጦታና በጭነት ከብት ቁጥር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 እና በ1968 ያሳተሟቸው የኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ መጻሕፍት በዚህ ዓይነት ዝርዝር የተሞሉ ናቸው። ንባባቸው አንዳንዴ ቢያደክምም፣ ይኸው የመቁጠር ልማድ በኋላ ለቅርስ ጉዳይ የሰጠው አገልግሎት ከፍተኛ ሆኗል።

በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ሲሰጥ፣ በዚያው በስድስት ኪሎ ግቢ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ። ፓንክረስት የተቋሙ የመጀመሪያ ዲሬክተር ሆኑ። ቤተ መጻሕፍቱንና ቤተ መዘክሩን ያደራጁት የፖላንድ ተወላጅ የነበሩት ስታኒስላው ሆይናትስኪ ሲሆኑ፣ እሳቸውም ተቋሙ ከመመሥረቱ በፊት በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊነታቸው መጻሕፍትንና ባህላዊ ዕቃዎችን ሲሰበስቡ የቆዩ ናቸው። ሆይናትስኪ ስለ ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያደረጉት ጥናት ዛሬም ድረስ የዘርፉ መነሻ ነው።

በቤተ መዘክሩ ውስጥ የገበሬው ሞፈርና ቀንበር፣ የሸማኔው ዕቃ፣ በገናና ክራር፣ የልዩ ልዩ ብሔረሰቦች ልብስና ጌጥ፣ የእጅና የመጾር መስቀሎች፣ በእንጨት ገበታ ላይ የተሳሉ ቅዱሳት ሥዕሎች ተሰብስበዋል። በኋላ የተዘጋጀው የባህል ክፍል አቀራረብ ለመምህር ትልቅ ትምህርት አለው። ዕቃዎቹ በክፍለ ሀገር ወይም በብሔረሰብ ተከፋፍለው ሳይሆን የሰው ልጅ ከልደት እስከ ሞት በሚያልፍበት ቅደም ተከተል ተደርድረዋል፤ የሕፃናት ጨዋታ፣ ጋብቻ፣ ሥራ፣ ጦርነት፣ ቀብር እያለ ይሄዳል። ከደቡብ የመጣው የመቃብር ምልክትና ከሰሜን የመጣው የተዝካር ዕቃ ጎን ለጎን ሲታዩ ተማሪው ራሱ ማመዛዘን ይጀምራል። መምህሩ ብዙ ማብራራት አያስፈልገውም።

ተቋሙ ዕቃ የሚሰበስብበት ዘመን ግን አስቸጋሪ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ አገር ሰዎችና ጎብኚዎች ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ የጥንት መስቀል፣ ሥዕልና ብራና በየሱቁ መሸጥ ጀመረ። እዚህ ላይ ማንኛውም ቤተ መዘክር የሚገጥመው ፈተና ተነሣ። ቤተ መዘክሩ ዕቃውን ከነጋዴ ካልገዛ ዕቃው ከአገር ይወጣል፤ ከገዛ ደግሞ ነጋዴው ሌላ ዕቃ ፍለጋ ወደ ገጠር ቤተ ክርስቲያን እንዲሄድ ያበረታታል። የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ገንዘብ እያሰባሰበ ቅርሶች በአገር ውስጥ እንዲቀሩ ያደረገው ጥረት ብዙ ዕቃ ማትረፉ አይካድም። ይሁንና የመግዛት መንገድ ጊዜያዊ መፍትሔ እንጂ ዘላቂ መከላከያ ሊሆን አይችልም። ምክንያቱም ዕቃው ወደ ቤተ መዘክር ሲገባ ከየት እንደ ተነሣ የሚገልጸው ወረቀት አብሮት አይመጣም፤ ሻጩም ሊናገር አይፈልግም።

መቅደላ፤ የዘረፋው ሒሳብ

ፓንክረስት እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ በለንደን ሲኖሩ የእንግሊዝን ቤተ መጻሕፍትና መዛግብት በቅርብ የመመርመር ዕድል አገኙ። በዚህ ወቅት ካተኮሩባቸው ጉዳዮች አንዱ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደው ንብረት ነበር።

ታሪኩ በአጠቃላይ መልኩ በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ አምባ ላይ ወጣ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ፤ አምባው ተዘረፈ፤ ተቃጠለም። አብዛኛው የመማሪያ መጽሐፍ እዚህ ላይ ያቆማል። ፓንክረስት ግን ከዚህ በኋላ ያለውን ቀን በቀን ተከታተሉ። ማስረጃቸው የተገኘው በአብዛኛው ከራሳቸው ከዘማቾቹ ነው፤ ከመኮንኖች ማስታወሻ፣ ከዘመቻው ይፋ ታሪክ፣ አብሮ ከዘመተው ጋዜጠኛ ከሄንሪ ስታንሊ ዘገባ፣ ከቤተ መዘክር መዝገቦች።

ከእነዚህ ምንጮች የተገኘው ሒሳብ የሚከተለው ነው። ከመቅደላ የወጣው ንብረት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ተወሰደ። በዚያም ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን ለሁለት ቀን ሐራጅ ተደረገ። ከሐራጁ የተገኘው 5,000 ፓውንድ ሲሆን ለወታደሮቹ ሲከፋፈል ለአንድ ሰው የደረሰው ከአራት ዶላር ጥቂት ከፍ ያለ ነበር። ከዘመቻው ጋር የተላከው የብሪቲሽ ሙዚየም ባለሙያ ሪቻርድ ሆልምስ በቂ ገንዘብ ይዞ ስለነበር ከተጫራቾቹ ዋነኛው ሆነ። ከሐራጁ በፊት እንኳ ከአንድ ወታደር ላይ የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ በ4 ፓውንድ ገዝቷል። ለሙዚየሙ ያስገባቸው የብራና መጻሕፍት ወደ 350 ይጠጋሉ። ከብራናዎቹ ከፊሉ ጦሩ ወደ ባሕር ሲመለስ በትግራይ ለጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። ሌሎቹ በመኮንኖችና በወታደሮች እጅ ቀርተው ውለው አድረው ወደ ኦክስፎርድ፣ ወደ ካምብሪጅ፣ ወደ ማንቸስተርና ወደ ሌሎች ስብስቦች ገቡ። በሥዕላቸው የላቁ ስድስት ብራናዎች ደግሞ በዊንዘር ቤተ መንግሥት ይገኛሉ።

እነዚህ ቁጥሮች የሚሰጡት ጥቅም ምንድን ነው? «እንግሊዞች ሀብታችንን ወሰዱ» የሚለው አነጋገር ቁጭትን ይገልጻል እንጂ ለውይይት የሚቀርብ ጥያቄ አይሆንም። አንድ መንግሥት ወይም አንድ ቤተ መዘክር ለቁጭት መልስ መስጠት አይችልም፤ ቢበዛ ያዝናል። «እ.ኤ.አ. በ1868 በዚህ ሰው እጅ፣ በዚህ ዋጋ ተገዝቶ፣ ዛሬ በዚህ ክፍል በዚህ ቁጥር የተመዘገበው ጽዋ» ሲባል ግን ነገሩ ይለወጣል። ተጠያቂው ዝም ለማለት ይቸገራል።

የቁርዓተ ርእሱ ሥዕል ታሪክ ይህንኑ በጉልህ ያሳያል። ይህ የክርስቶስን የእሾህ አክሊል የሚያሳይ ሥዕል የኢትዮጵያ ነገሥታት ወደ ጦርነት ሲወጡ ይዘውት የሚሄዱት ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በነሐሴ ወር 1864 ዓ.ም. ለእንግሊዝ መንግሥት በጻፉት ደብዳቤ ይህ ሥዕልና ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍ እንዲመለሱላቸው ጠየቁ። ብሪቲሽ ሙዚየም ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች ስለነበሩት አንዱን መለሰ። ሥዕሉ ግን የለም ተባለ። ሥዕሉ በዚያን ጊዜ በሆልምስ የግል ንብረትነት በቤቱ ይገኝ ነበር። እሱም የንግሥት ቪክቶሪያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ እስከ መሆን የደረሰ ሰው ሲሆን ዐፄ ዮሐንስ በሕይወት ሳሉ ስለ ሥዕሉ አልተናገረም። እ.ኤ.አ. በ1905 አንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት የሥዕሉን ፎቶግራፍ ከባለቤቱ ከሆልምስ ስም ጋር ሲያወጣ ነገሩ ተገለጠ። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1917 በለንደን በሐራጅ ተሽጦ፣ በኋላም ወደ ፖርቱጋል ተሻግሮ በግለሰቦች እጅ ቀረ። ዐፄ ዮሐንስ ያቀረቡት ጥያቄ ትክክል ነበር፤ የጎደላቸው ዕቃው ያለበትን ቦታ የሚያሳይ አንዲት ወረቀት ብቻ ነው።

ሌላው ምሳሌ የሌዲ ሜው ጉዳይ ነው። እኚህ ባለጸጋ እንግሊዛዊት ከመቅደላ የመጡ የተዋቡ ብራናዎች ነበሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1910 ሲሞቱ ብራናዎቹ ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት እንዲሰጡ በኑዛዜያቸው አዝዘው ነበር። ኑዛዜው ግን በዚህ ረገድ ሳይፈጸም ቀርቶ ብራናዎቹ ተሸጡ፤ ገዢውም አሜሪካዊው የጋዜጦች ባለቤት ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ነበር። ፓንክረስት ይህን ታሪክ ደጋግመው ያነሡት ስለነበር ዛሬ በብዙ ሰው ዘንድ ይታወቃል።

ከሁሉም በላይ ለመምህራን ትኩረት የሚገባው ግን በዘረፋው ውስጥ መዝገቡ ራሱ መወሰዱ ነው። ከመቅደላ ከተወሰዱት ብራናዎች ብዙዎቹ ወንጌልና ስንክሳር ብቻ አልነበሩም። በኅዳጋቸው ላይ የመሬት ስጦታ፣ የርስት ክርክር፣ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ዝርዝር ተጽፎባቸዋል። ፓንክረስት ከግርማ ሥላሴ አስፋው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት የዐፄ ቴዎድሮስ የግብር መዛግብትና የንብረት ዝርዝሮች ከነዚሁ ጽሑፎች የተገኘ ነው። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የራሱን አውራጃ የግብር ታሪክ ለማጥናት ወደ ለንደን መሄድ ነበረበት። ዕቃውን ያጣ አገር ዕቃ እንደ ነበረው የሚያረጋግጥበትንም ጽሑፍ አጥቷል ማለት ነው። በአንጻሩ ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1877 ያሳተመው የብሪቲሽ ሙዚየም የኢትዮጵያ ብራናዎች ዝርዝር፣ ለሙዚየሙ አገልግሎት የተዘጋጀ ቢሆንም፣ ብዙዎቹ ከመቅደላ መምጣታቸውን ራሱ ያረጋግጣል። ወሳጆቹ በጥንቃቄ መመዝገባቸው ለአስመላሾቹ ጠቅሟል።

በእርግጥ ብራናዎቹ በለንደን በመቀመጣቸው ከእሳትና ከምስጥ ድነዋል፣ ለዓለም ሊቃውንትም ክፍት ሆነዋል የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ክርክሩ ባዶ ነው ማለት አይቻልም፤ ብራናዎቹ በደኅና መያዛቸው እውነት ነውና። ነገር ግን ክፍት የሆኑት የመጓጓዣ ገንዘብና የመግቢያ ፈቃድ ላለው ነው። ለጎንደርና ለደሴ መምህር ክፍት ናቸው ማለት አስቸጋሪ ነው። ፓንክረስት በዚህ ጉዳይ የማያወላውል አቋም ነበራቸው፤ ከሁሉ አስቀድሞም የማይክሮፊልም ቅጂዎች ለአዲስ አበባ እንዲደርሱ ይፈልጉ ነበር። ቅጂ መኖሩ ግን ዋናውን የመጠየቅ መብት አያስቀርም።

ፓንክረስት ወደ ኢትዮጵያ ከተመለሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 የመቅደላን ቅርሶች ለማስመለስ የተቋቋመው አፍሮሜት የተባለው ማኅበር ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። ለአክሱም ሐውልት መመለስም ብዙ ተከራክረዋል። ፋሽስቶች እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም የወሰዱት ይህ ሐውልት ቁመቱ 24 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም ከ150 ቶን በላይ ነው። ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ለመመለስ ግዴታ ብትገባም ውሉ ሳይፈጸም ግማሽ ምዕት ዓመት አለፈ። ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን የመጣው በሚያዝያ ወር 1997 ዓ.ም. ሲሆን ዳግመኛ የተተከለው በ2000 ዓ.ም. ነው። ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 በአዲስ አበባ ዐርፈው እናታቸው በተቀበሩበት ካቴድራል ተቀበሩ።

በቅርብ ዘመን የተፈጸሙ ስርቆቶች

መቅደላ የጦር ዘረፋ ነው፤ ጦር ይመጣል፣ ይሄዳል። የዕለት ተዕለቱ አደጋ ሌላ ነው። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰረቀ። ክብደቱ ወደ 7 ኪሎ የሚጠጋው ይህ መስቀል በቤልጅግ አንድ የጥንታዊ ዕቃ ሰብሳቢ እጅ ተገኘ፤ ሰብሳቢው 25,000 ዶላር ከፍሎበት ነበር። በ1993 ዓ.ም. ወደ ላሊበላ ሲመለስ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። መስቀሉ ሊታወቅ የቻለው በዓለም የታወቀ ስለነበረ ነው፤ ፎቶግራፉ በብዙ መጻሕፍት ታትሟል፤ ጎብኚ ሁሉ አይቶታል። አንድ ሰብሳቢ እንዲህ ያለውን ዕቃ በግልጽ ሊያሳይም ሆነ ሊሸጥ አይችልም።

የጨለቆቱ ዘውድ ነገር ከዚህ ይለያል። በ18ኛው ምዕት ዓመት የተሠራ ከመዳብ ላይ በወርቅ የተለበጠ ዘውድ ከጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጠፍቶ እ.ኤ.አ. በ1998 በኔዘርላንድ በሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ቤት ታየ። ሰውየው ዘውዱ የተሰረቀ መሆኑን ስለተረዳ ላመጡት ሰዎች መልሶ አልሰጠም፤ ለ21 ዓመታት ደብቆ ካቆየው በኋላ ለሕግ አስታወቀ። ዘውዱም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። የጨለቆት መሆኑ ሲጣራ ትልቅ ረዳት የሆነው አንድ ካህን ያንኑ ዘውድ ደፍቶ የተነሣው ፎቶግራፍ ነበር። ያ ፎቶግራፍ ባይነሣ ኖሮ ዘውዱ ኢትዮጵያዊ መሆኑ ይታወቅ ይሆናል፤ የየትኛው ደብር እንደሆነ ግን ማስረዳት ከባድ በሆነ ነበር።

ከላሊበላና ከጨለቆት ጋር የማይተካከሉ፣ ጎብኚ የማያያቸው፣ በመጽሐፍ ያልታተሙ መስቀሎች፣ ሥዕሎችና ብራናዎች በየገጠሩ ደብር ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ ቢጠፋ ቄሰ ገበዙ የሚናገረው «አሮጌ የብር መስቀል ነበረን» የሚል ይሆናል። ፖሊስም ሆነ ጉምሩክ በዚህ መግለጫ አንዱን መስቀል ከሌላው ለይቶ ሊይዝ አይችልም። ዓለም አቀፉ የፖሊስ ድርጅት ኢንተርፖል ከ50,000 በላይ የተሰረቁ የሥነ ጥበብ ሥራዎችን የያዘ መዝገብ አለው፤ ዕቃው ወደዚያ መዝገብ የሚገባው ግን በቂ መግለጫ ሲኖረው ነው።

በትምህርት ቤት አካባቢ ሊሠራ የሚችለው

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርሶች እንዲመዘገቡ ያዝዛል። ሥራው በሕግ የባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት ነው። ይሁን እንጂ የአገሪቱ ስፋትና የባለሙያው ቁጥር የማይመጣጠኑ በመሆናቸው፣ ከአብያተ ክርስቲያናት፣ ከመስጊዶችና ከባላባት ቤቶች በቅርብ የሚገኘው የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ መምህሩ ነው።

አንድን ዕቃ ለይቶ ለማሳወቅ የሚያስፈልገው መግለጫ ረጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ የሆነው ዓለም አቀፉ የዕቃ መለያ መመሪያ፣ «ኦብጀክት አይዲ» የሚባለው፣ በአጭር ገጽ ላይ የሚያልቅ ነው። አንድን የእጅ መስቀል በምሳሌነት ብንወስድ፣ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ፣ ከብር ይሁን ከነሐስ ወይም ከእንጨት መሠራቱ፣ በማቅለጥ ይሁን በቅርጽ፣ ቁመቱና ወርዱ በሴንቲ ሜትር፣ የተቀረጸበት ጽሑፍ ፊደል በፊደል እንዳለ፣ በማንና በማን ዘመን ተሠራ እንደሚባል ይጻፋል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ጉዳቱ ነው፤ የተሰበረ ክንፍ፣ የተጠገነ ቦታ፣ ጭረት፣ የጎደለ ቀለበት። ሠሪዎች አንድ ዓይነት መስቀል ደጋግመው ይሠራሉ፤ የመስቀሉ ስብራት ግን እንደ ሰው ጣት አሻራ አንድ ብቻ ነው። ፎቶግራፍም ከፊትና ከኋላ፣ መለኪያ ማስመሪያ ጎኑ ተቀምጦ ይነሣል። ዛሬ በብዙ መምህራን እጅ የሚገኘው የኪስ ስልክ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው።

መምህሩ እነዚህን መለኪያዎች በክፍል ውስጥ በማይሰረቅ ዕቃ ማስለመድ ይችላል። ጀበና፣ ሞሰብ፣ የአያት ከዘራ ለዚህ ይበቃሉ። ተማሪው ዕቃውን ሳያሳይ በጽሑፍ ገልጾ ጓደኛው ከአምስት ተመሳሳይ ዕቃዎች መካከል እንዲለየው ቢደረግ የመግለጫው ጉድለት ወዲያው ይታወቃል። ቋንቋም ሒሳብም ሥዕልም በአንድ ትምህርት ይገባሉ።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ሲደረስ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ታቦትን ከካህን በቀር ማየት አይፈቀድም፤ ፎቶግራፍ ማንሣትም ሆነ መለካት አይሞከርም። ለሌሎቹ ንዋያት መዝጋቢው ቄሰ ገበዙ ራሱ መሆን ይገባዋል፤ መምህሩ አጻጻፉን ከማሳየት አያልፍ። አንዳንድ አባቶች ዝርዝሩ በሌባ እጅ ቢወድቅ መንገድ መሪ ይሆነዋል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋቱ እውነተኛ በመሆኑ ሊናቅ አይገባም። ስለዚህ ዝርዝሩ በግድግዳ አይለጠፍም፤ በተማሪ ደብተር አይገለበጥም፤ ፎቶግራፉ ለጓደኛ አይላክም። አንዱ ቅጂ በደብሩ ሣጥን፣ ሌላው በሀገረ ስብከት፣ ሦስተኛው በሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት ታሽጎ ይቀመጣል። አንድ ቅጂ ብቻ ከሆነ ከዕቃው ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ በመቅደላ የደረሰውም ይኸው ነው።

ለዕቅድ አውጪዎች ደግሞ የሚነሣው ጥያቄ ወጪን የሚመለከት ነው። በየወረዳው ቤተ መዘክር መሥራት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የታነጸው ቤትም ባለሙያ ከሌለው ለዕቃው አዲስ አደጋ ሊሆን ይችላል። መምህራን በክረምት ሥልጠናቸው የሁለት ቀን የምዝገባ ልምምድ እንዲያገኙ ማድረግ በአንጻሩ ርካሽ ነው። ለመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት የሚያስፈልጉት ማስመሪያ፣ የመግለጫ ቅጽና ለልምምድ የሚሆን ጥቂት ዕቃ ናቸው።

የመቅደላ ሒሳብ ገና አልተዘጋም። በ1994 ዓ.ም. በኤዲንበርግ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን የተገኘ ታቦት ተመልሷል። የዐፄ ቴዎድሮስ የራስ ፀጉር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ከለንደን የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር ተመልሷል። በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኙት 11 ታቦታት ማንም ሊያያቸው በማይችል ክፍል ተቆልፈዋል፤ የዌስትሚኒስተር አቢ አስተዳዳሪዎች ደግሞ በመሠዊያቸው ላይ ያለውን ታቦት በመርሕ ደረጃ ለመመለስ መስማማታቸውን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 አስታውቀዋል። ሆልምስ በ4 ፓውንድ የገዛቸው ዘውድና ጽዋ በለንደኑ የቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይገኛሉ።